ኮድ መጻፍ ቀለለ፤ መለወጥስ?

በሶፍትዌር ሙያ ውስጥ በቅርብ ዓመታት የመጣው ትልቁ ለውጥ የአዲስ ኮድ ዋጋ መውደቁ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ረዳቶች አንድ ፕሮግራመር ግማሽ ቀን ይፈጅበት የነበረውን ሥራ በደቂቃዎች ጽፈው ያቀርባሉ። ጀማሪው ደፍሯል፤ ልምድ ያለው ፈጥኗል፤ የሥራ ኃላፊዎችም በጥቂት ሰው ብዙ ሥራ ለማየት ተስፋ አድርገዋል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ጥያቄው የሚነሣው ኮዱ ከተጻፈ በኋላ ነው። የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የግብር ሲስተም አንዴ ተጽፎ ሥራ ከጀመረ በኋላ አገልግሎት እስኪያቆም ድረስ ይለወጣል፤ አዋጅ ሲሻሻል፣ የወለድ ስሌት ሲቀየር፣ አዲስ የክፍያ መንገድ ሲመጣ፣ ደንበኛ ሲበዛ። ስለዚህ የአንድን ሶፍትዌር ጥራት ስንመዝን ዛሬ መሥራቱን ማየት አይበቃንም። ነገ ሌላ ባለሙያ ከፍቶት፣ የሚሠራውን ሳያበላሽ ሊለውጠው ይችላል ወይ ብለን መጠየቅ አለብን።

የመጻፍ ዋጋ ሲወርድ የመለወጥ ዋጋ አብሮ እንዳልወረደ የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ። ጊትክሊር የተባለው የኮድ ትንተና ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2024 ድረስ የተለወጡ 211 ሚሊዮን የኮድ መስመሮችን መርምሮ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የተዛወሩ መስመሮች ድርሻ ከሩብ ገደማ ተነሥቶ ከ10 በመቶ በታች ወርዷል። ተገልብጠው የተለጠፉት ግን ከ8.3 ወደ 12.3 በመቶ አድገዋል። መስመር የሚዛወረው በአብዛኛው አንድ ሰው የተበታተነ ሥራ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ሲያደራጅ ነው፤ የሚገለበጠው ደግሞ ያንን ድካም ለነገ ሲያሳድር። ኩባንያው የኮድ መለኪያ መሣሪያ ሻጭ በመሆኑ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ሆኖም በጉግል ሥር ያለው የዶራ ጥናት ቡድንም በ2024 ሪፖርቱ የረዳቶቹ አጠቃቀም በ25 በመቶ ሲጨምር የሶፍትዌር ሥርጭት መረጋጋት በ7.2 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ገምቷል። ለዚህም ከሰጣቸው ማብራሪያዎች አንዱ በአንድ ጊዜ የሚለቀቁት ለውጦች መግዘፋቸው ነው።

የእኔ ክርክር ይህ ነው፤ ኮድ መጻፍ በረከሰ ቁጥር የሙያው ክብደት ወደ ሁለት አሮጌ ልማዶች ይዛወራል። አንደኛው ሪፋክተሪንግ፣ ማለትም የኮዱን አሠራር ሳይለውጡ አደረጃጀቱን ማስተካከል ነው። ሁለተኛው ራሱን ችሎ የሚሮጥ አውቶማቲክ ፍተሻ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ቴስት ነው። ሁለቱ ተነጣጥለው አይሠሩም፤ ሲነጣጠሉ ምን እንደሚመጣም በገንዘብ ተቆጥሮ የታየበት ታሪክ አለ።

አንድ የተረሳ ፋንክሽን

ናይት ካፒታል በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከትልልቆቹ አገበያዮች አንዱ ነበር። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 አዲስ የግብይት ፕሮግራም ሊጀምር ስለነበር፣ ድርጅቱ ትእዛዞችን ወደ ገበያ የሚልክበትን ስማርስ የተባለ ሲስተም ማዘጋጀት ነበረበት። አዲሱ ኮድ የገባው ፓወር ፔግ በሚባል አሮጌ ፋንክሽን ምትክ ነው። ፓወር ፔግ ከ2003 ጀምሮ ማንም አይጠቀምበትም፤ ኮዱ ግን ሳይሰረዝ በሲስተሙ ውስጥ ቆይቷል። ፕሮግራመሮቹ ደግሞ ቀድሞ ፓወር ፔግን ያስነሣ የነበረውን ምልክት ለአዲሱ ሥራ መልሰው ተጠቀሙበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ2005፣ ሌላ ነገር ተደርጓል። ፓወር ፔግ አንድ ትልቅ ትእዛዝ በትንንሽ ግዢዎች ሲሟላ ቆጥሮ የሚያቆም ክፍል ነበረው። ያ የመቁጠሪያ ክፍል በሲስተሙ ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። መዛወሩ በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ኮድ በየጊዜው ይዛወራል። ስሕተቱ ከተዛወረ በኋላ ፓወር ፔግ አሁንም ማቆም ይችላል ወይ ብሎ የፈተሸ ሰው አለመኖሩ ነው። አንድ ቴስት እንኳ ቢኖር ኖሮ በዚያው ቀን ይጮኽ ነበር። ባለመኖሩ ጉዳቱ ሰባት ዓመት ተሸሽጎ ቆየ።

አዲሱ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ በእጅ ተጫነ፤ አንዱ ተዘለለ፤ ሥራውን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ባለሙያም አልተመደበም። ገበያው ሲከፈት ስምንተኛው ሰርቨር አዲሱን ምልክት በአሮጌው ትርጉም ተቀብሎ ፓወር ፔግን አስነሣ። መቁጠሪያው ከቦታው ስለተነሣ ሲስተሙ የሚያቆምበትን አላወቀም። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ በ154 አክሲዮኖች ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ። ባለሙያዎቹ ችግሩን ለመፍታት ሲጣደፉ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች አነሡት፤ ያኔ ሰባቱም እንደ ስምንተኛው ሆኑ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ስለ ፓወር ፔግ የሚናገሩ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ አልታዩም። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ውሳኔ 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሐደ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የአንድ ሰርቨር መዘለል ታሪክ ተደርጎ ነው። የተቆጣጣሪውን ሰነድ ለሚመረምር ሰው ግን ሰርቨሩ የመጨረሻው ክብሪት ብቻ ነው። እንጨቱን የሰበሰቡት ያልተሰረዘ ኮድ፣ ትርጉሙ የተቀየረ ምልክትና ያለ ቴስት የተደረገ ሪፋክተሪንግ ናቸው። ሦስቱም በየቢሮው፣ በየሲስተሙ ውስጥ አሉ።

ልማዶቹ ከየት መጡ

ማኒ ሌማን ከላስሎ ቤላዲ ጋር በአይቢኤም የትልልቅ ሲስተሞችን ዕድገት ሲያጠና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የደረሰበት መደምደሚያ ዛሬም አልተሻረም፤ በጥቅም ላይ ያለ ሶፍትዌር ዘወትር መለወጥ አለበት፣ በተለወጠ ቁጥርም ውስብስብነቱ ይጨምራል፣ ያንን ለመቀነስ ሆነ ተብሎ ካልተሠራ በስተቀር። ፕሮግራመሩ ዋርድ ከኒንግሃም በ1992 ይህንኑ ከዕዳ ጋር አነጻጸረው፤ ያልተስተካከለ ኮድ እስኪስተካከል ድረስ ወለድ ይቆጥራል። በዚያው ዓመት ዊልያም ኦፕዳይክ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን በሪፋክተሪንግ ላይ አቀረበ። ማርቲን ፋውለር በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ልማዱን ለመላው ሙያ አደረሰው። መጽሐፉ የኮድ ማስተካከያ ዘዴዎችን ከመዘርዘሩ በፊት ቴስት እንዴት እንደሚዘጋጅ ለማስረዳት አንድ ምዕራፍ መስጠቱ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

የቴስቱ ታሪክ በትይዩ ሄዷል። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ ጄዩኒት የተባለውን የጃቫ መፈተሻ መሣሪያ አብረው ጻፉ። ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ያመጣችው ለውጥ ግን ትልቅ ነበር። ከዚያ በፊት ፍተሻ በአብዛኛው ሥራው ካለቀ በኋላ ሌላ ክፍል የሚያከናውነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራመሩ ራሱ፣ ኮዱን በሚጽፍበት ቋንቋ፣ በየደቂቃው የሚያደርገው ሆነ። ማይክል ፌዘርስ ደግሞ በ2004 ስለ አሮጌ ኮድ በጻፈው መጽሐፍ ድፍረት የተሞላ መስፈርት አስቀመጠ፤ ኮድን ያረጀ የሚያሰኘው ዕድሜው ሳይሆን ቴስት ማጣቱ ነው አለ። በዚህ መስፈርት ትናንት ማታ በረዳት የተጻፈ፣ ማንም ያልፈተሸው ሺህ መስመር ኮድ ገና ሳይወለድ አርጅቷል።

ጳጉሜን 6

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ከራሳችን ሥራ ምሳሌ ልውሰድ። እዚህ አገር የሚሠራ ማንኛውም የብድር፣ የጡረታ ወይም የትምህርት ቤት ሲስተም የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው መቀየር ይኖርበታል። እንበል አንድ ሲስተም ይህን ስሌት በስድስት ቦታ ይዞታል፤ በብድር መክፈያ ሠንጠረዥ፣ በወርኃዊ ሪፖርት፣ በሠራተኛ ፋይል፣ በደረሰኝና በመሳሰሉት። በየጊዜው የመጡ ዴቨሎፐሮች ከአንዱ ገልብጠው ወደ ሌላው ለጥፈዋል። አንዱ ቅጂ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የዓመቱ ልዩነት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን ያውቃል፤ ሌላው ሁልጊዜ ስምንት ይደምራል። አንዱ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን እንዳላት ያውቃል፤ ሌላው ሁልጊዜ አምስት ነው ይላል።

ጥሩ ባለሙያ እዚህ ላይ ወዲያው ማስተካከል አይጀምርም። መጀመሪያ ያለውን ሁኔታ ይመዘግባል። ለስድስቱም ቅጂዎች ተመሳሳይ ጥያቄ የሚያቀርብ ቴስት ይጽፋል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ነው። የካቲት 21 ቀን 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ተመልሶ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን የለም፤ ሲስተሙ አልቀበልም ማለት አለበት። እነዚህ ስድስት መስመሮች በአንድ ሰከንድ ውስጥ የትኛው ቅጂ እንደሚሳሳት ይናገራሉ።

ሁለተኛው እርምጃ አንድ ትክክለኛ ፋንክሽን መጻፍ ነው። ከዚያ ስሌቱን የሚጠቀሙትን ስድስት ቦታዎች አንድ በአንድ ወደ እርሱ ማዛወር ይከተላል፤ በየመካከሉ ቴስቱን ማስኬድ፣ አንዱ ከተዛወረ በኋላ ብቻ ወደ ሌላው መሄድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ሥርዓት አለ፤ የተሳሳተ ቅጂን ማረም የአሠራር ለውጥ ስለሆነ ከሪፋክተሪንጉ ተለይቶ፣ በራሱ ማብራሪያ መመዝገብ አለበት። የደንበኛ መክፈያ ቀን በአንድ ቀን ከተቀየረ የብድር ክፍሉ ሊያውቀው ይገባል። ሁለቱን ቀላቅሎ የለቀቀ ሰው ችግር ሲመጣ ከማዛወሩ ይሁን ከማረሙ መለየት አይችልም። የመጨረሻው እርምጃ ትርፍ የሆኑትን ቅጂዎች መሰረዝ ነው። ለወደፊቱ ያገለግላል ተብሎ የቀረ ሙት ኮድ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከናይት ካፒታል አይተናል።

በዚህ ሥራ ማሽን ሊያግዝ ይችላል፤ ረዳቶቹ ተመሳሳይ ኮድ ፈልጎ ማግኘትና ማዛወር ላይ ጎበዞች ናቸው። የካቲት 21 እና ጳጉሜን 6 መፈተሽ እንዳለባቸው የሚያውቀው ግን የሚሠራበትን አገርና የሚሠራለትን መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሰው ነው። ጸሐይና ፀሐይ፣ ሀይሉና ኃይሉ እየተባለ የተመዘገበ ደንበኛ በፍለጋ ይገኛል ወይ ብሎ የሚጠይቀው እርሱ ነው። የአባትና የአያት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚባለው ቀጠሮ በሰርቨሩ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ መጻፉን የሚያስታውሰውም እርሱ ነው። ቴስት የመሥሪያ ቤቱ ዕውቀት በሚሮጥ ቅርጽ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ባለሙያው ሥራ ሲለቅ ዕውቀቱ አብሮት እንዳይወጣ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ሦስት መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ ጊዜ የለንም የሚለው ነው። ዴድላይን የያዘውን ቡድን ጭንቀት አልክድም። ቢሆንም ቴስት የሌለው ቡድን ጊዜ አላተረፈም፤ ወደ ፊት ገፍቶታል። በየለውጡ ሲስተሙን በእጅ መሞከር፣ የተስተካከለው ሌላ ቦታ ሲሰበር እንደገና መጀመር፣ ማንም የማይደፍረውን ፋይል እየዞሩ ማለፍ፣ ይህ ሁሉ ጊዜ ነው፤ በሥራ ዕቅድ ላይ ስም ስለሌለው ብቻ አይቆጠርም። ደግሞም ሪፋክተሪንግ ሥራ አስቁሞ የሚደረግ ዘመቻ መሆን የለበትም። ለአዲስ ሥራ የነኩትን ፋይል ካገኙት አሻሽሎ መተው፣ በሳምንት ውስጥ ጥቂት ሰዓት የሚበላ ልማድ፣ በዓመት ውስጥ የሲስተሙን መልክ ይለውጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ከሥሩ እንደ አዲስ እንጻፈው የሚለው ነው። ረዳቶቹ በመጡበት ዘመን ይህ ፈተና በርትቷል፤ መጻፍ ከረከሰ ለምን አሮጌውን እንጠግናለን? ኔትስኬፕ እ.ኤ.አ. በ1998 ብራውዘሩን እንደ አዲስ ለመጻፍ ወሰነ፤ ቀጣዩ ትልቅ እትም በ2000 መጨረሻ ሲወጣ ገበያው በማይክሮሶፍት እጅ ገብቶ ነበር። ለውድቀቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ያለ አዲስ እትም መቆየቱ ግን ከባድ ዋጋ አስከፍሎታል። አሮጌ ኮድ አስቀያሚ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ለዓመታት የተገኙ ልዩ ሁኔታዎችን ስለተሸከመ ነው። ያንን የሚመዘግብ ቴስት ሳይኖር እንደ አዲስ የሚጽፍ ሰው አሮጌዎቹን ስሕተቶች አንድ በአንድ እንደገና ያገኛቸዋል፤ በዚህ ጊዜ በደንበኛው ፊት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ቴስት ያላቸውም ይወድቃሉ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የክራውድስትራይክ የደኅንነት ሶፍትዌር ዝማኔ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጭ አድርጓል፤ አውሮፕላኖች ቆመዋል፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘዋል። ኩባንያው ቴስት ነበረው። ኮዱ 20 ግብአት ሲያቀርብ አዲሱ የመረጃ ቅርጽ ግን 21 ይጠብቅ ነበር። በፍተሻው ወቅት 21ኛው ቦታ ማንኛውንም ነገር ተቀበል በሚል ምልክት ተሞልቶ ስለነበር ጉድለቱ አልታየም። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ኤድስገር ዳይክስትራ ከሃምሳ ዓመት በፊት እንዳስጠነቀቀው ፍተሻ የስሕተትን መኖር ያሳያል እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም። መፍትሔው ግን ፍተሻን መተው ሊሆን አይችልም። ቴስቱ ስንት መስመር ነካ ከሚለው ቁጥር ይልቅ ምን ቢበላሽ ይጮኻል የሚለውን መጠየቅ፣ ለውጡን ለሁሉም ከመልቀቅ በፊት ለጥቂቶች ለቅቆ ማየት፣ ሲበላሽም በፍጥነት መመለስ መቻል ነው። አሁን ረዳቶቹ ቴስትም ስለሚጽፉ ጥያቄው የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። ከኮዱ የተነበበ ቴስት የኮዱን ስሕተት ትክክል ብሎ ሊያጸድቅ ይችላልና፣ የሚጠበቀው መልስ ከሕጉ፣ ከመመሪያው ወይም ከደንበኛው መምጣት አለበት።

የእኛ ድርሻ

ኢትዮጵያ ይህ ክርክር በቀጥታ የሚመለከታት አገር ሆናለች። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሚሊዮኖች የዕለት ገንዘብ በሶፍትዌር ውስጥ ያልፋል፤ ፋይዳ መታወቂያ ከባንክና ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር እየተሳሰረ ነው። አንድ ለውጥ ሲሳሳት ምን እንደሚመጣም አይተናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ አገልግሎት ለሰዓታት ተቋረጠ፣ ገንዘቡን ካወጡት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ከመደበኛ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። በወቅቱ የንግድ ባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቤ ሳኖ የጠቀሱት ገንዘብ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ተመልሷል። የውስጡን ቴክኒካዊ ዝርዝር የሚያውቁት ባለቤቶቹ ናቸው። ለእኛ የሚበቃን ትምህርት ግን አደጋው የመጣው ከውጭ ሰብሮ በገባ ሰው ሳይሆን በለውጥ ሥራ ወቅት መሆኑ ነው። የለውጥ ደኅንነት እንደ ሳይበር ደኅንነት ሁሉ በጀትና ኃላፊ ይገባዋል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ወጣቶችን ወደ ሙያው እየጠራ ነው። ደስ የሚል ጅምር ነው። ኮድ መጻፍ በረከሰበት ዘመን ግን መጻፍን ብቻ የተማረ ወጣት ከማሽኑ ጋር ይወዳደራል፤ የሌላ ሰው ኮድ ማንበብ፣ በቴስት ማጠርና በትንንሽ እርምጃ ማሻሻል የቻለው ደግሞ ማሽኑን ያዝዛል። ስለዚህ ሥልጠናዎቻችንና የዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክቶቻችን ከባዶ ገጽ ብቻ መነሣት የለባቸውም። ተማሪው የቀደመው ዓመት ተማሪ የጻፈውን ፕሮጀክት ይረከብ፤ ቴስት ይጨምርበት፤ ያስተካክለው፤ በዚያ ይመዘን። በሥራ ዓለም የሚጠብቀው እርሱ ነውና።

የሚገዛው ወገንም የራሱ ድርሻ አለበት። አንድ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲያሠራ ርክክቡ የሚፈጸመው ብዙ ጊዜ በዴሞ ነው፤ ስክሪኑ ይታያል፣ ይጨበጨባል፣ ክፍያ ይለቀቃል። በውሉ ላይ ሦስት ነገሮች ቢጨመሩ ነገሩ ይለወጣል። የመጀመሪያው ኮዱ ከነቴስቶቹ መረከቡ ነው። ሁለተኛው ቴስቶቹ በገዢው ኮምፒውተር ላይ በገዢው ባለሙያ ፊት መሮጣቸው ነው። ሦስተኛው ከርክክብ በፊት ሻጩ ያልሆነ ሰው አንድ ትንሽ ለውጥ አድርጎ እንዲያሳይ መጠየቁ ነው። ያ ለውጥ በአንድ ቀን ካለቀ መሥሪያ ቤቱ ንብረት ገዝቷል። ወር ከፈጀ ግን የገዛው ጥገኝነት ነው።

ሥራ ላይ ላሉ ቡድኖች የምመክረው ከዚህም ያነሰ ነው። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ ይመጣል። በሲስተማችሁ ውስጥ የቀን ስሌት ስንት ቦታ እንዳለ ፈልጉ፤ ለዚያ ቀን አንድ ቴስት ጻፉ፤ ዛሬ አስኪዱት። ካለፈ የመጀመሪያውን መከታ ሠርታችኋል፤ ሁለተኛውን መጻፍ ይቀልላችኋል። ከወደቀም ስሕተቱን ከደንበኛው በፊት ያገኛችሁት እናንተ ናችሁ።